ሁሉም ፍሬ ከተለቀመ ማን ይበቅላል? ስለ ብራዚል ነትና ስለ አማዞን ጫካ

አረንጓዴ_ዓይን

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቷል።

ብራዚል ነት በእርሻ የሚመረት አይደለም። ገበያ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአማዞን ጫካ የተለቀመ ነው፤ ከብራዚል፣ ከቦሊቪያና ከፔሩ። የተከለው የለም፣ የኮተኮተው የለም። ሰው ገብቶ የወደቀውን ፍሬ ይለቅማል፣ ይሸጣል፣ በቃ።

ይሄ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ በጥሩ ነው። "ጫካው ሳይቆረጥ ገንዘብ ያመጣል" ይባላል። እሺ። ግን የሚበላው ነገር እኮ ዘሩ ነው። በየዓመቱ ዘሩን ጠራርገው ከወሰዱት የሚተካው ከየት ይመጣል? ዛፎቹ ብዙ መቶ ዓመት ስለሚኖሩ ዛሬ ምንም ላይታይ ይችላል። አርጅተው ሲወድቁስ?

የደን ሰዎች ካላችሁ አስረዱኝ። "ጉግል አድርጊ" የምትሉ እለፉኝ፤ አድርጌ ነው የመጣሁት። ግማሹ አንድ ነገር ይላል፣ ግማሹ ተቃራኒውን።

ጥያቄ_አይጠፋኝም

እኔ ከዛ በፊት ሌላ ጥያቄ አለኝ። ይሄን ያህል ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ለምን አይተክሉትም? ቡና ከጫካ ወጥቶ ጓሮ ገብቶ የለ እንዴ?

ጋሽ_ዝግባ

ልጆች፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳችሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በደን ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልበል።

መጀመሪያ ዛፉን እንወቀው። ቤርቶሌቲያ ኤክሴልሳ ይባላል በሳይንሱ። ከሌሎቹ ዛፎች አናት በላይ ወጥቶ ነው የሚታየው፤ 50 ሜትር የሚደርስ አለ። ፍሬው ከአበባ ጀምሮ እስኪበስል ከዓመት በላይ ይፈጃል፤ 14 ወር ገደማ። ዝናቡ ሲበረታ ይወድቃል። አንዱ ፍሬ እስከ 2 ኪሎ ይመዝናል። ከ40 ሜትር ላይ 2 ኪሎ ሲወርድ አስቡት። ለቃሚዎቹ ንፋስ ባለበት ቀን ዛፉ ስር ዝር አይሉም። አብዛኛው ፍሬ እስኪወርድ ጠብቀው ነው የሚገቡት።

የፍሬው ቅርፊት እንጨት ነው ማለት ይቻላል። ውስጡ ከ10 እስከ 25 ዘር ተደርድሯል። ከአንድ ጫፉ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ቀዳዳዋ ግን ከዘሩ ትጠባለች። ስለዚህ ፍሬው መሬት ላይ ወድቆ ማንም ካልነካው ዘሩ እዛው ታፍኖ ይበሰብሳል።

ከፋች ያስፈልገዋል። ሰው በገጀራ ይከፍተዋል። ጫካ ውስጥ ግን ዋናው ከፋች አጉቲ የሚባል ጥንቸል የሚያክል እንስሳ ነው፤ የአይጥ ዘመድ። ቀዳዳዋን በጥርሱ እየፋቀ ያሰፋና ዘሩን ያወጣል። የሚበቃውን በልቶ የቀረውን አንድ በአንድ እየወሰደ ለክፉ ቀን ይቀብራል። ሁሉንም ተመልሶ አያገኝም። ወይ ይረሳዋል፣ ወይ እሱ ራሱ የሌላ አውሬ እራት ይሆናል። የተረሳው ዘር ነው የሚበቅለው። እሱም ቶሎ አይደለም፤ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል አፈር ውስጥ ይተኛል።

ለምን አይተክሉትም ላልከው፣ ተክለዋል። ችግሩ አበባው ነው። አበባው በክዳን የተሸፈነ ነው። ክዳኑን ገፍተው የሚገቡት ጉልበት ያላቸው ትልልቅ ንቦች ብቻ ናቸው። እነዚህ ንቦች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚቀስሙት ሌላ አበባ ይፈልጋሉ፤ ያ ያለው ጫካ ውስጥ ነው። ከጫካ ርቆ በብቸኝነት የተተከለ ዛፍ በአበባ ይሸፈናል፤ ፍሬው ግን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። በዛ ላይ የሚያስጠብቀውን ዓመት ቁጠሩ። ባለሀብት ይታገሳል?

ጥያቄ_አይጠፋኝም

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ስለዚህ አማዞን ያለ አንድ አይጥ ጉድ ነው በሉኛ 😅

ሂሳብ_አዋቂ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ የአረንጓዴን ጥያቄ ልመልስ። ተቃራኒ ነገር ያነበበችው አለምክንያት አይደለም። እውነትም ተከራክረውበታል።

ነገሩ የጦፈው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ካርሎስ ፔሬስ የሚባል ብራዚላዊ ተመራማሪ ከብዙ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጣ። በብራዚል፣ በፔሩና በቦሊቪያ 23 ቦታ ያሉ የብራዚል ነት ዛፎችን አነጻጸሩ። አንዳንዱ ቦታ ጨርሶ ያልተለቀመ ነው፣ አንዳንዱ ትንሽ የተለቀመ፣ አንዳንዱ ለብዙ አስርት ዓመታት ያለ ፋታ የተለቀመ። የእያንዳንዱን ዛፍ ውፍረት ለኩ። ከ60 ሴንቲሜትር በታች ያለውን "ወጣት" አሉት።

ሰው ባልለቀመበት ጫካ ወጣቱ ብዙ ነው። ለረጅም ጊዜ አጥብቀው በለቀሙበት ግን ወጣት የለም ማለት ይቻላል። ሽማግሌ ብቻ። ፍሬው በየዓመቱ ይወድቃል፣ ከረጢት ይሞላል፣ ገዢውም ደስተኛ ነው። ከታች ግን ተተኪ የለም። አረንጓዴ የፈራሽው ይሄንኑ ነው።

ናቲ_ቦስተን

ይኸው! "ዘላቂ" የሚል ነገር ባየሁ ቁጥር የምጠረጥረው ለዚህ ነው። እዚህ እሽጉ ላይ የጫካና የበቀቀን ሥዕል ለጥፈው በውድ ይሸጡልናል። ጫካውን እየጠበቅን መስሎን ዘሩን ነው የበላነው። ማቆም ነው እንግዲህ።

ሂሳብ_አዋቂ

ናቲ ረጋ በል፣ ገና ግማሹን ነው የነገርኩህ።

ከዛ በፊት በ2002 ፒተር ዙይደማ የሚባል ሆላንዳዊ ከባልደረባው ጋር ቦሊቪያ ውስጥ ሠርቶ ነበር። እሱ ባጠናው ቦታ ለቃሚዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ዘር ይወስዳሉ። ከ90 በመቶ በላይ! ግን ችግኝ አለ፣ ወጣት ዛፍም አለ። ስሌቱም የዛፎቹ ቁጥር እየቀነሰ ነው አላለም።

እንዴት ሆነ? ይሄ ዛፍ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ አንዱ ሽማግሌ ራሱን ለመተካት በዘመኑ ሁሉ አንድ ልጅ ብቻ ነው ለወግ ለማዕረግ ማድረስ ያለበት። በየዓመቱ ከሚጥለው ዘር መሀል በጣም ጥቂቱ ማምለጥ በቂ ነው። የዛፎቹን ቁጥር የሚወስነው ከዘሩ ብዛት ይልቅ ትልልቆቹ በሕይወት መቆየታቸው ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ መቁረጥ እልፍ ፍሬ ከመልቀም የበለጠ ይጎዳል።

ቀጥሎ ብራዚል ውስጥ አክሬ ላይ ሉሲያ ዋድትና ካረን ካይነር የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አጠኑ። እዛም ለብዙ ዘመን በተለቀመ ጫካ ውስጥ ወጣት ዛፍ አገኙ። ስለዚህ የ2003ቱ ሥዕል ለሁሉም ቦታ አይሠራም።

አረንጓዴ_ዓይን

እሺ እየገባኝ ነው። ግን ልዩነቱን ምን አመጣው? ሁለቱም ቦታ እየተለቀመ አንዱ ጋ ወጣት ጠፍቶ ሌላው ጋ ለምን ተገኘ? "ቦታ ይለያያል" ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

ጋሽ_ዝግባ

ብርሃን፣ ልጄ። መልሱ ብዙውን ጊዜ ብርሃን ነው።

የብራዚል ነት ችግኝ ጥላ ስር አይሞትም። ዘሩ ትልቅ ስለሆነ ስንቅ ይዞ ነው የሚወጣው። ግን አያድግም። ጣት የምታክል ሆና ዓመታት ትቀመጣለች። ከላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲወድቅና ሰማይ ሲከፈትላት ነው ወደ ላይ የምትተኮሰው። ካልተከፈተላት ወይ አንድ ነገር ይበላታል ወይ ቅርንጫፍ ወድቆ ይሰብራታል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ ፍሬ ለመስጠት ከ100 ዓመት በላይ ሊፈጅባት ይችላል። ሜዳ ላይ ሙሉ ፀሐይ ያገኘች ግን በአስርት ዓመታት ውስጥ ትደርሳለች።

እኛም አገር ደን ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ችግኝ ሞልቷል። ደን ቆጣሪ ገብቶ "ተተኪው ደህና ነው" ብሎ ይጽፋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ ሲመለስ ችግኙ ያው ከሰው ጉልበት አላለፈም። ስለዚህ "ችግኝ አለ ወይ?" ብቻ ብለሽ አትጠይቂ። "ስንቱ ከሰው ቁመት አለፈ?" በይ።

ሂሳብ_አዋቂ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ጋሼ ያሉትን ብርሃን ከየት ያገኛል? አንዱ መንገድ ዛፍ በራሱ ሲወድቅ ነው። ሌላው ገበሬ ነው።

በአማዞን ጫካ ውስጥ የሚኖሩ ቤተሰቦች ትንሽ ቦታ መንጥረው ካሳቫ ይተክላሉ። ሁለት ሦስት ዓመት አርሰው መሬቱን ያሳድሩታል፤ ተመልሶ ጫካ ይሆናል። በአክሬ በ2008፣ በሌላዋ የብራዚል ግዛት በአማፓ፣ ካጃሪ በሚባል ቦታ ደግሞ በ2011 የወጡ ጥናቶች የሚሉት ይሄን ነው፦ በእነዚህ ባደሩ ማሳዎች ላይ የሚገኘው የብራዚል ነት ቡቃያና ወጣት ከጥንቱ ጫካ ይበልጣል። በካጃሪ እንዲያውም ደጋግሞ የታረሰና ያደረ መሬት የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው።

ሂደቱን ተመልከቱት። ማሳው ሲያድር በቁጥቋጦ ይሞላል። አጉቲ እንዲህ ያለ መደበቂያ ይወዳል፤ ጭልፊትም ድመትም አያየውም። ስለዚህ ከአጠገቡ ካለው ጫካ ዘሩን እያመጣ እዛ ይቀብራል። ርቆም አይሄድም፤ ዘር ላይ ምልክት አስረው የተከታተሉ ሰዎች ብዙውን ከዛፉ በጥቂት ሜትሮች፣ አንዳንዱን በጥቂት አስር ሜትሮች ርቀት ነው ያገኙት። ለዚህ ነው ማሳው ሽማግሌ ዛፍ አጠገብ መሆን ያለበት። ዘሩ ሲበቅል ፀሐይ አለ። ገበሬው ሲመለስ ደግሞ የብራዚል ነት ችግኝን ያውቀዋል፤ ሲመነጥር ይዘለዋል። ቢቆረጥም ቢቃጠልም ከሥሩ ያቆጠቁጣል፤ ያውም በጉልበት።

ናቲ_ቦስተን

ቆይ ቆይ። ጫካ መመንጠር ለጫካ ዛፍ ይጠቅማል እያላችሁ ነው? ይሄን የከብት አርቢዎቹ እንዳይሰሙ። ነገ "እኛም እያገዝን ነው" ብለው ይመጣሉ።

ሂሳብ_አዋቂ

ፍርሃትህ ይገባኛል። ግን ሁለቱ አይገናኙም። አንዱ ቤተሰብ የሚመነጥራት ቁራሽ መሬት ነች። ዙሪያዋን ጫካ አለ፣ ሽማግሌው ዛፍ አለ፣ አጉቲው አለ፣ ንቡ አለ። ከዛም ትተዋለች። ግጦሽ ግን አይተውም። በየጊዜው ይቃጠላል፣ ከብት ይረግጠዋል፣ ቡቃያ ይበላል።

በብራዚል ሕግ የብራዚል ነት ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ክልከላው በ1994 በወጣ ድንጋጌ ተቀምጦ ነበር፤ ያ ድንጋጌ በሌላ ቢተካም ክልከላው ቀጥሏል። ፓራ በምትባለው የብራዚል ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ ማራባ አካባቢ፣ ድሮ ስመ ጥር የብራዚል ነት ጫካ ነበር። ጫካው ለከብት ሲመነጠር ዛፎቹ ሕጉ ስላለ ቆመው ቀሩ። ሜዳ መሀል አንድ፣ ከዛ ራቅ ብሎ ሌላ አንድ። ንብ የለም፣ አጉቲ የለም፣ እሳት በየዓመቱ ይለበልባቸዋል። ቀስ በቀስ ቆመው ደረቁ። ሕጉ ግንዱን እንጂ መተካቱን አልጠበቀም።

የመተማው

አረፍ ብዬ ሳነብ ቆየሁና አላስችል አለኝ። እናንተ ስለ አማዞን የምታወሩት እኛ ጋ ከእጣን ዛፍ ጋር አንድ ነው።

መተማ አካባቢ የእጣን ዛፍ ያለበት ብትሄዱ ሁሉም ትልልቅ ነው። ወጣት ፈልጉ፤ አታገኙም። ዘሩ ይበቅላል እኮ። ክረምት ላይ ብቅ ይላል፣ በጋ ላይ የለም። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ግንዱን እየበጣ እጣኑን በሚያወጣው ቀሳሚ ላይ ነው፤ "ዛፉን አድምተው አድምተው ጨረሱት" ይባላል። የቀን ሠራተኛ ነው እሱ፣ ምን ይመልሳል።

ሂሳብ_አዋቂ

የመተማው ደግ አደረግህ ያነሳኸው። እኔም ላመጣው ነበር።

በ2012 ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች አብረው ያወጡት ጥናት አለ። እጣን የሚቀዳባቸውንና የማይቀዳባቸውን ቦታዎች አነጻጸሩ። ሁለቱም እያሽቆለቆሉ ነው። ስለዚህ ዋናው ችግር መብጣቱ አይደለም። ከብት ይግጠዋል፣ እሳት ያቃጥለዋል፣ ቡቃያው ከጉልበት አያልፍም። ትልልቆቹንም ጥንዚዛ ይጥላቸዋል። በ2019 የወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ከታዩት ቦታዎች ከ75 በመቶ በላይ በሆኑት ትንንሽ ዛፍ የለም ይላል። ለአስርት ዓመታት አልተተካም ማለት ነው።

ለዚህ ነው እኔ ለቃሚውን ወይም ቀሳሚውን ቀድሞ መክሰስ የማልወደው። ምርቱን ይዞ ስለሚታይ ነው የሚከሰሰው። እሳቱና ከብቱ ማታ ቤታቸው ይገባሉ።

የመተማው

"ማታ ቤታቸው ይገባሉ" 😂 ከብቱስ ይሁን፣ እሳቱ የት ነው የሚያድረው?

ቁምነገሩ ግን፣ የታጠረ ቦታ ላይ ለውጥ አይተናል። ከብት ካልገባ ቡቃያው የመሰንበት ነገር አለው። አጥሩን ማን ይጠብቃል ነው ጥያቄው። የዘበኛው ደሞዝ ሲቋረጥ አጥሩም አብሮ ይቋረጣል።

ነጋዴዋ

እኔ ዱባይ ነው ያለሁት፤ ለውዝ፣ ካሹ፣ ቴምር እሸጣለሁ። ከገበያው በኩል ጣል ላርግ።

ከብራዚል ነት ንግድ ትልቁን ድርሻ የያዘችው ቦሊቪያ ነች፤ ስሙ ነው ብራዚል። ሪበራልታ የምትባል ከተማ አለች፤ አብዛኛው ፋብሪካ እዛ ነው። ዝናቡ ሲገባ ቤተሰብ ሙሉ ከከተማዋ ነቅሎ ጫካ ይገባል። ብዙዎቹ ከመግባታቸው በፊት ከነጋዴ ብድር ይወስዳሉ፤ በእህልም በገንዘብም። ከጫካ ሲወጡ በፍሬ ይከፍላሉ። እዳ ያለበት ሰው "ይቺን ለአጉቲ ልተውለት" ይላል? ያገኘውን ይጠርጋል። ስለ ዘር ስናወራ ይሄም ይግባ።

ሁለተኛ፣ ከጫካ የሚመጣ ነገር ሰማይ ያዘዘውን ነው የሚሰጥህ። በ2015 እና በ2016 ኤልኒኞ አማዞንን አደረቀው። ፍሬው ለመብሰል ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ ውጤቱ የመጣው በ2017 ነው። ምርቱ ወደቀ፣ ዋጋው ጣሪያ ነካ። የቅይጥ ለውዝ አሻጊዎች ብራዚል ነቱን አውጥተው በሌላ ተኩት። ያኔ ያጣናቸው አንዳንድ ደንበኞች እስካሁን አልተመለሱም።

ናቲ፣ "ማቆም ነው" ያልከው ደግሞ አይዋጥልኝም። አንተ መግዛት ስታቆም ያ ቤተሰብ ምን ይሠራል መሰለህ? ጫካውን ለከብት አርቢ ይሸጣል።

ናቲ_ቦስተን

እህቴ የተናገርሽው ገብቶኛል። ማቆሙን ትቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር መልሱልኝ፤ አጉቲውን ይበሉታል ወይስ አይበሉትም?

ሂሳብ_አዋቂ

ይበሉታል፣ በደንብ። ሥጋው ተወዳጅ ነው። ለቅሚያ የገባ ቤተሰብ ለወራት ጫካ ውስጥ ነው፤ ምን ይብላ? ስለዚህ ልቅሚያው ዘሩን ሲቀንስ አደኑ ደግሞ ዘሪውን ይቀንሳል። የ2003ቱን ጥናት ያዩ ሰዎች ከጠየቁት ጥያቄ አንዱ ይሄ ነው፦ ወጣት የጠፋው ፍሬው ስለተለቀመ ነው ወይስ አጉቲው ስለታደነ? አጥብቆ የሚለቀምበት ቦታ ብዙውን ጊዜ አጥብቆ የሚታደንበትም ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው።

በጎ ጎኑ አጉቲ ቶሎ ይራባል። በአደን በቀላሉ ከማይጠፉት መሀል ነው።

የዋርዴሩ

ከሶማሌ ክልል ነኝ። ስለ ለውዝ ከተነሳ የእኛን የሂብን ካልጠራሁ ቅር ይለኛል። ጫካ አይደለም የኛ አገር፣ ደረቅ ነው፤ የሂብም ቁጥቋጦ ነው። በተፈጥሮ የሚበቅለው ኦጋዴንና ሶማሊያ ብቻ ነው። ፍሬው ተቀቅሎም በጥሬውም ይበላል፤ ጣፋጭ ነው። ቅጠሉን የበላ ፍየል ጥርሱም አጥንቱም ቀይ ወደ ብርቱካን ይቀየራል። ያረደ ሰው ያውቀዋል።

እንደ እናንተው ነው ታሪኩ። የበሰለውን ፍሬ ሰው ይቀድማል፣ ቡቃያውን ፍየል ይቀድማል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ሁለቱም ሌላ የሚበሉት የላቸውም። አጉቲ እንኳን የለን የሚቀብርልን።

አረንጓዴ_ዓይን

የዋርዴሩ በጣም ነው የማመሰግንህ። የሂብን ስሙን እንጂ ይሄን አልሰማሁም ነበር። ራሱን የቻለ ክር ክፈትለት እባክህ።

ሂሳብ፣ አንድ ነገር ይቀረኛል። ያደረ ማሳ ይጠቅማል ካልክ እነዚህ በጥንት ጫካ ውስጥ ያሉ ግዙፍ ሽማግሌዎች በማን ማሳ ላይ በቀሉ?

ሂሳብ_አዋቂ

ይሄን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር።

በ2019 የወጣ፣ ማናውስ በምትባል የብራዚል አማዞን ከተማ አጠገብ የተሠራ ጥናት አለ። ከዛፎቹ ግንድ በቀጭን መሰርሰሪያ ናሙና አውጥተው የዓመት ቀለበቱን ቆጠሩ። ዛፉ አይሞትም በዚህ። አንዳንዱ ወደ 400 ዓመት ገደማ ነው። ከዛ የትኛው ዛፍ መቼ እንደበቀለና መቼ ድንገት እንደፈጠነ አዩ። ከታሪኩ ጋር ሲያስተያዩት፣ ሙራ የሚባሉት የአካባቢው ሕዝቦች በፖርቱጋል ቅኝ ግዛት ዘመን ሲጨፈጨፉና ሲበተኑ አዲስ የሚበቅለው ዛፍም አብሮ አሽቆለቆለ። ሰዎቹ እያሉ መሬት ይከፍቱ ነበር፣ ችግኙን ያልፉት ነበር። ሲጠፉ ጫካው ተዘጋ።

ከዛም ይርቃል። ብራዚል ውስጥ ፔድራ ፒንታዳ በሚባል ዋሻ፣ ሞንቴ አሌግሬ አጠገብ፣ ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ ሰዎች የበሉት የብራዚል ነት ከሰል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ "ሰው ያልነካው ጫካ" የምንለው ውስጥ ያሉት ዛፎች የብዙዎቹ ዕድል ከሰው ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንድ ተመራማሪ እንዲያውም ዛፉ በአማዞን እንዲህ የተስፋፋው በሰው እጅ ነው ይላል። እዛ ድረስ ባልሄድም የሚያሳምን ነገር አለው።

ጋሽ_ዝግባ

ይሄ ነገር ለኛም ትምህርት ነው። እኛ በሥራ ዘመናችን ደን ጥበቃ ማለት ሰውን ማስወጣት ብቻ ይመስለን የነበረበት ጊዜ አለ፤ አሁንም የሚመስላቸው አሉ። ሰው ሲወጣ የሚበቅል ዛፍ አለ። ሰው ሲወጣ የሚጠፋም አለ። አስቀድሞ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው።

ግን ሂሳብ፣ አንድ ነገር ላክልበት። ያደረው ማሳ የሚጠቅመው እስኪያድግ ሲተዉት ነው። ተመልሶ በጥቂት ዓመት ከታረሰ ያቆጠቆጠው ሁሉ እንደገና ይቆረጣል። ቀጥሎ ደግሞ ከብት ከገባ አለቀለት። አክሬ ውስጥ የጎማ ቀጂዎች መሪ በነበረው በቺኮ ሜንዴስ ስም የተሰየመ ክልል አለ። ሰውየው ከተገደለ በኋላ በ1990 ለጎማ ቀጂዎችና ለለቃሚዎች የተከለለ ነው። እዛ ራሱ ከብት እየበዛ፣ ጫካው እየተበላ ነው የሚባለው። ከብት ባንክ ነው ለገበሬ፤ ልጅ ሲታመም አንዱን ይሸጣል። ብራዚል ነት ግን ወቅቱን ጠብቆ ነው።

ጥያቄ_አይጠፋኝም

ጋሼ፣ እና ምን ይደረግ? ሁላችሁም ጥሩ ጥሩ ነገር ነገራችሁን። መፍትሔ ግን አልሰማሁም።

ጋሽ_ዝግባ

የሚሠሩት አለ። ትልቅ ነገር አይደለም፣ ግን ሥራ ነው።

ለቃሚው የራሱ መንገድ አለው፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚሄድበት። በዛ መንገድ ላይ ያገኘውን ወጣት ዛፍ ምልክት ያደርግበታል። ሐረግ ከጠመጠመው ይቆርጥለታል። በአክሬ ለ10 ዓመት የተከታተሉት ሙከራ አለ፤ ሐረግ የተቆረጠላቸው ትልልቅ ዛፎች ካልተቆረጠላቸው የበለጠ ፍሬ ሰጡ። ገጀራ ብቻ ነው የሚፈልገው። ማሳውን ሲመነጥር ችግኙን ይተዋል፤ ሲያሳድረው ደግሞ ለምን ያህል ዓመት እንደሚተወው ከጎረቤቱ ጋር ይስማማል። አንዳንዱ ችግኝ አፍልቶ ብርሃን ባለበት ይተክላል። ያኔ ግን አይጦቹን መከላከል አለብህ፤ ዘሩ ገና ከችግኙ ጋር ተጣብቆ እያለ አጉቲ መጥቶ ነቅሎ ይበላዋል።

ጥያቄ_አይጠፋኝም

ራሱ ቀብሮ ራሱ ነቅሎ? ይሄ አጉቲ የኛን ሰፈር ደላላ ይመስላል።

ነጋዴዋ

ሐረግ መቁረጡ ጥሩ ነው። ግን ያንን የሠራ ለቃሚና ምንም ያልሠራ ለቃሚ ሪበራልታ ሲደርሱ የሚሸጡት በአንድ ዋጋ ነው። እኔ የምገዛውም ተቀላቅሎ ነው። ማን የቱን እንዳመጣ የሚለይ ማረጋገጫ ያለው ዕቃ ጠይቄ አውቃለሁ፤ አለ፣ ትንሽ ነው፣ ይወደዳል። ደንበኛዬ ደግሞ የሚጠይቀኝ "ትኩስ ነው?" ብሎ ነው።

ናቲ_ቦስተን

እሱን እኔ እከፍላለሁ። የሚከፍል እንዳለ ለአቅራቢዎችሽ ንገሪያቸው።

ነጋዴዋ

አንድ ኪሎ የሚገዛ ቦስተን አለ ብዬ ኮንቴይነር ላስመጣ? ቢያንስ ጓደኞችህን ይዘህ ና።

አረንጓዴ_ዓይን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለኔ ነገሩ የተቀየረው ጋሽ ዝግባ "ስንቱ ከሰው ቁመት አለፈ?" ያሉት ላይ ነው። እኔ የጠየቅኩት ስንት ፍሬ ተለቀመ ብዬ ነበር።

የመተማው፣ በውስጥ መስመር አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የታጠረው ቦታ ላይ ቡቃያ የሚቆጥር ሰው አለ? እኛ ክፍል ውስጥ የመመረቂያ ርዕስ የሚፈልጉ ልጆች አሉ።

የመተማው

ይጻፉልኝ። አሁን አሁን የሚቆጥር አላየሁም። መምጣት የሚችሉ ከሆነ ግን ጥቅምት ላይ አይምጡ፤ ያኔ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ የሞላ ይመስላቸዋል። ሚያዝያ ላይ ይምጡ። በጋውን አልፎ የቀረውን ነው መቁጠር ያለባቸው።